ሟች ያልተገኘለት ለቅሶ

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልጅ ልበል እንጂ በአገራችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴት ሁለት ወልዳ ሦስተኛውን የምታስብበት ዕድሜ ነው። እኔ ግን የምጠብቀው ስልክ ነበር። አንኮበር ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ነፋስ የማይለየው ጉብታ ላይ አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ነበረች። በውስጧ መዘውሩን እያዞሩ የሚደውሉበት ጥቁር ስልክ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና እኔ ነበርን። ከአራታችን ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሥራዬን እወደው ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን በሬዲዮ የሰማሁት ወሬ ነው። ኢንተርኔት የሚያቀርቡ ድርጅቶች ተማሪዎች በኢንተርኔት እየተጫወቱ የሚማሩበትን ነገር ስፖንሰር ቢያደርጉ ለራሳቸውም ለአካባቢው ትምህርት ቤትም ይጠቅማል እያሉ ሁለት የተማሩ ሰዎች ይነጋገራሉ። አንደኛው "ትምህርት ቤቱስ ይሁን፣ ድርጅቱ ምን ያገኛል?" ብሎ ሲጠይቅ ሌላው ግማሹን በእንግሊዝኛ መለሰለትና እኔ እዚያው ቀረሁ። ሽንኩርቴን እየላጥኩ "ኧረ እኔን ጠይቁኝ" አልኩት ሬዲዮኑን። ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ገና ሳይታሰብ እኔ ይህንኑ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ሞክሬዋለሁ። ጥቅሙን አይቻለሁ፤ ያስከተለውን ለቅሶም አይቻለሁ።

መጀመሪያ ግን እኔ እዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደተቀመጥኩ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ከኅብረት ሱቅ ስኳር ሲሸጡልን ከሚጠቀልሉበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመት ያነበብኩት ታሪክ ሁሉ መጨረሻው የተቀደደ ነበር። ወሬ ስጀምር መውጫው የሚጠፋኝ ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል። ብቻ የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ሲመጡ ሊያስተምሩኝ ቢቀመጡ አነበብኩላቸው፤ ተገርመው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ በዚያ ወረቀት ስልከኛ ሆንኩ።

ስልከኛ ሆንኩ እንጂ የሚደውል ሰው አልነበረም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ ለአንኮበር ሰው ስልክ ማለት መርዶ ነበር። ሰው ለሰላምታማ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሰው መልእክት ይልካል። ማን ነው ገንዘቡን አውጥቶ ደህና መሆኑን የሚያወራ? የሚደወለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲደወል የሚፈለገውን ሰው ስም በቢጫ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ላይ "በስልክ ስለሚፈለጉ ቀርበው ያነጋግሩ" የሚል በማኅተም የታተመ ቃል አለ። ያንን ይዤ ወደ ቤቱ እወርዳለሁ። እኔ ቢጫ ወረቀት ይዤ በመንገድ ስወርድ ሴቶች ከደጃቸው ገብተው በር ይዘጉ ነበር። በእውነት እላችኋለሁ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንደ እኔ የተፈራ ሰው በወረዳው አልነበረም፤ የቀበሌውን ጓድ ሊቀመንበር ጨምሮ።

ከሁሉም በላይ የምትፈራኝ የገዛ አክስቴ ነበረች፣ በለጥሻቸው። የእናቴ ታናሽ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ልጇ አሰፋ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ክረምት አልፎታል። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ አንድ የመጨረሻ ፖስታ መጣ፣ ከዚያ ምንም። አክስቴ ወደ ገበያ ስትሄድ በስልክ ቤቱ በኩል አታልፍም፤ ዳገቱን ዞራ በሚካኤል በኩል ትወጣለች። እኔ ከስልክ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነበር የማድረው፤ እሁድ እሁድ ቤቷ ስሄድ ከመሳሟ በፊት እጄን ታያለች። ባዶ መሆኑን ስታረጋግጥ ትስመኛለች።

እንግዲህ በዓቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ የደብረ ብርሃኑ የስልክ ሹም፣ አቶ ደምሴ፣ ሊጎበኙኝ መጡ። መዝገቡን ገለጡ። መዝገቡ ንጹሕ ነበር። በጣም ንጹሕ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ መዝገብ አዲስ ነው?" አሉኝ።

"የለም ጋሼ፣ ያምናው ነው።"

መዝገቡን ዘጉና በለሰለሰ ድምፅ ከፋሲካ በኋላ ጣቢያው እንደሚዘጋ፣ ስልኩም ሰው ወደሚጠቀምበት ከተማ እንደሚዛወር ነገሩኝ። "ለአንቺም ሌላ ነገር እንፈልግልሻለን" አሉ። ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። መዘዞ ወዳለው አባቴ ቤት መመለስ ማለት ነው። አባቴ ደግሞ እዚያ ብዙ በግ ያለው ሰው አይቶልኛል። በጎቹን ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ በጎቹስ ምንም አይወጣላቸው። ሰውዬው ነው ያልሆነልኝ።

በነጋታው መምህር ታደለ ስልክ ቤት መጡ። የአንኮበር ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ለማውራት ይመጣሉ እንጂ ለመደወል አይመጡም። እኔ የጣቢያዬን መዘጋት ስነግራቸው እሳቸው ጠመኔ ማለቁን ይነግሩኛል፤ ቦርዱ ላይ የሚጽፉት ከገደል በተለቀመ ነጭ አፈር ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ካርታ ነው፤ እሱንም አይጥ በልታዋለች።

"የበላችውም በእኛ በኩል ነው" አሉኝ። "ልጆቹ አንኮበር የት ነው ብለው ሲጠይቁኝ ቀዳዳውን ነው የማሳያቸው።"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የእኔ ሽቦ ጠዋት ጠዋት ሥራ የለውም። የእሳቸው ተማሪዎች ጠመኔ የላቸውም። ለምን የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ተማሪዎች በስልክ ጥያቄና መልስ አይጫወቱም? ጨዋታውን የስልክ መሥሪያ ቤቱ ይደግፍ፤ ሽቦውን በነፃ ይስጥ፤ ላሸነፈው ትምህርት ቤት ካርታና ጠመኔ ይሸልም። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊሰሙ ይመጣሉ። ሰው አንድ ጊዜ ከስልክ ውስጥ ከመርዶ ሌላ ነገር ከሰማ ደግሞ ይመጣል።

መዘውሩን አዙሬ አቶ ደምሴን አገኘኋቸው። ሁሉንም አዳመጡኝና "መሥሪያ ቤቱ በዚህ ምን ያገኛል?" አሉ። ያው የሬዲዮው ጥያቄ ነው።

"ሰው ያገኛል፣ ጋሼ።"

"ሰው ባይመጣስ?"

"ያን ጊዜ ይዝጉታል። አሁንም ሊዘጉት ነው።"

ሲስቁ ሰማኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ፈቀዱልኝ። ግን ኋላ ነቀፋ እንዳይመጣ የሦስቱ ተጫዋች ተማሪዎች ወላጆች በቦታው ተገኝተው ይፈርሙ አሉ። መምህር ታደለ ሦስት ልጆች መረጡ፦ የሚካኤሉን ቄስ ልጅ፣ የጓድ ሊቀመንበሩን ልጅና የአክስቴን ልጅ አስካለን። ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብለው ግን እስከ ቅዳሜ ጠዋት አልነገሯቸውም።

የቀረው ወላጆቹን መጥራት ብቻ ነው። ይህን ሳወራ ዛሬም ፊቴ ይሞቀኛል። ወረቀት ስፈልግ በመሥሪያ ቤቱ የነበረው ቢጫው ብቻ ነው። ማኅተም ያለው፣ ያማረ፣ ክብር ያለው ወረቀት። ስማቸውን በጥሩ ጽሑፍ ጻፍኩ። "ቅዳሜ በሦስት ሰዓት፣ ከደብረ ብርሃን" ብዬ ጨመርኩ። ስለ ጨዋታው ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ ቦታው ጠበበኝ።

ለቄሱ ቤት ሰጠሁ፤ ባለቤታቸው ነበሩ የተቀበሉኝ፤ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ደክሟቸው መሰለኝ። ለሊቀመንበሩ ሚስት ሰጠሁ፤ ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ለአክስቴ ግን ራሴ ልሰጣት ፈራሁና ለአስካለ ሰጠኋት። "ለእናትሽ 'ነገ ስልክ ቤት ትፈለጊያለሽ፤ ምንም አይደለም' በያት" አልኳት።

እስቲ አስቡት። በእኛ አገር መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን "ምንም አይደለም፣ ብቻ ነይ" ብለው ነው የሚጠሩት። "ትንሽ አሞት ነው" ይላሉ። አምና አንዱን ሰው የአባቱን ሞት ሊያረዱት ሲሄዱ "ሠርግ ተጠርተሃል" ብለው ነው ከቤት ያወጡት፤ ሰውየው ጥሩ ልብሱን ለብሶ ነበር የደረሰው። እና እኔ፣ መርዶ ሲነገር እየሰማሁ ያደግኩት ሴት፣ ወታደር ልጅ ላላት እናት ቢጫ ወረቀት ልኬ "ምንም አይደለም" አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ወለሉን ስጠርግ የእድር ጥሩምባ ሰማሁ። ነፊው ከታች እየወጣ "ለቅሶ አለ" ይላል። በመስኮት ብቅ ብዬ "ማን ሞተ?" አልኩት።

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝና አለፈ።

አላወቅኩም። ግን የአገሬ ሰው ስለሞተ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና አለቀስኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማን እንደሞተ ሳላውቅ ከሁሉም ቀድሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ቀና ስል ሰዉ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ወንዶቹ አግዳሚ ተሸክመዋል። ሴቶቹ ንፍሮ ይዘዋል፤ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ ገና የሚተን። ከፊት አክስቴ ናት፤ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ደግፈዋታል። ያኔ ገባኝ።

ሮጬ ወጣሁ። "ማንም አልሞተም" አልኩ።

"አዎ ልጄ፣ ማንም አልሞተም" አሉኝ አንዲት ሴት፣ ጀርባዬን ደባበስ እያደረጉ። "አንቺም ተጨንቀሻል። ቀስ ብለሽ ንገሪን።"

"ጨዋታ ነው እኮ። የተማሪዎች ጨዋታ።"

"ጨዋታ ነው አለች" ተባባሉ። ለቅሶው ከፍ አለ።

ቄሱ መጽሐፋቸውን ይዘው ደረሱ። ሟቹን ባያውቁም ፍትሐት ለማድረስ ተዘጋጅተዋል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "የክርስትና ስሙን ብቻ ንገሪኝ" አሉኝ።

"አባ፣ ሟች የለም።"

"ይገባኛል ልጄ፣ ግን ስም ሳልጠራ እንዴት አደርሳለሁ?"

ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭኖ ለገበያ የወጣው ነጋዴ፣ ጋሽ ሙሄ፣ በቅሎዎቹን አሥሮ መጣ። "ኢና ሊላሂ" ብሎ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ "ለማን ነው የተቀመጥነው?" ሲል አጠገቡ ያለው ሰው "ገና አልተነገረንም" አለው። "እሺ፣ እንጠብቃለና" አለ ጋሽ ሙሄ፣ ንፍሮውንም ተቀበለ።

አክስቴ ጋ ሄጄ ተንበረከክሁ። "እታለም፣ በሚካኤል፣ አሰፋ ምንም አልሆነም። ስለሱ የመጣ ነገር የለም።"

አላለቀሰችም ነበር። አይኗን አይኔ ላይ አድርጋ "አንቺን እንኳ ውሸት አስተማሩሽ" አለችኝ። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። ጩኸቱ እንደተሰማ ግቢው በሙሉ በአንድ ድምፅ ዋይ አለ። ገብቼ አነሳሁ።

"ሃሎ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?" አሉ አቶ ደምሴ።

"ሰው ነው ጋሼ።"

"ብዙ ነው?"

"ከተማው ነው።"

"ጎበዝ። አላልኩሽም?"

"እያለቀሱ ነው ግን።"

"ለምን?"

"ስልክ ስለተደወለ።"

"ልጆቹ ግን እዚህ ተዘጋጅተዋል" አሉ። "አሰባስቢና ደውይልኝ።"

ስልኩን ሳስቀምጥ ጓድ ሊቀመንበሩ ከሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆመዋል። ከትናንት ጀምሮ ለስብሰባ ወጥተው ስለነበር ቢጫውን ወረቀት አላዩትም። ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው "ይህን ሕዝብ ማን ሰበሰበው? ለምን ዓላማ?" አሉ።

መምህር ታደለ እጄን ቆንጠጥ አደረጉኝ። "ለቅሶ ነው በይ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ለለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅም። ለጨዋታ ግን ከቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ ረስተነዋል።"

አሰብኩት። በጊዜው ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጣቢያው ይቅርና እኔ ራሴ የት እንደማድር አላውቅም። "ለቅሶ ነው" ብል ሁሉም ይተርፋል። ሰዉ በሰላም ይበላና ይሄዳል፣ ስሙን ኋላ እናጣራለን እላለሁ፣ ጨዋታውንም ሌላ ቀን በፈቃድ እናደርገዋለን። ግን አክስቴ ከሊቀመንበሩ ኋላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አፌን አፌን ታያለች።

"ለቅሶ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ። ድምፄ እንደ ፍየል ነው የወጣው። "ማንም አልሞተም። ጨዋታ ነው። ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ሳላስብ በመርዶ ወረቀት የጠራሁትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሊቀመንበሩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አክስቴ ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አስተካክላ ለበሰችው።

"እውነቷን ነው" አለች ለሰዉ። "መርዶ የያዘ ሰው ይዋሻል። ይዋሻል ግን ለማዳን ነው የሚዋሸው፤ ጓድ ሊቀመንበር ፊት ቆሞ ራሱን አያስይዝም። ልጄ ደህና ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺን ግን ማታ እገርፍሻለሁ" አለችኝ።

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለቀሰ ሰው ሲስቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም። "ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው፤ ተበተኑ" አሉ።

ያኔ ከሴቶቹ መካከል አንድ ድምፅ መጣ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጅህ ሲጫወት እንድንሰማ ነው የተጠራነው። ከማለዳ ጀምሮ ስናነባ ቆየን፣ አሁን ደግሞ አንተ ተጨመርክብን። ቁጭ በልና ንፍሮ ብላ።" ሚስታቸው ነበሩ። አይናቸው ከለቅሶ አብጧል። ሊቀመንበሩ ዙሪያቸውን አዩ፣ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ፣ "ለአንድ ሰዓት ተፈቅዷል" አሉና ተቀመጡ። ንፍሮ ተሰጣቸው።

መዘውሩን አዞርኩ። ሰው ሁሉ በበርና በመስኮት ታጨቀ። እኔ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የደብረ ብርሃኑን ጥያቄ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ልጆቹ ይመልሳሉ፣ እኔ መልሱን ወደ ሽቦው እጮኻለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከአንኮበር ተራራ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው ወደየትኛው ወንዝ እንደሆነ ነበር። የቄሱ ልጅ ቶሎ ብላ "ዓባይ" አለች። ጋሽ ሙሄ የጥምጣሙን ጫፍ ነክሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከደብረ ብርሃን ስህተት ነው ተባለ፤ የደብረ ብርሃን ልጆች "አዋሽ" ብለው ነጥቡን ወሰዱ።

"በቅሎዬ ታውቀው ነበር እኮ" አለ ጋሽ ሙሄ። "ወላሂ፣ ያንን ውሃ በየሳምንቱ ነው የምትሻገረው።"

ሁለተኛው ጥያቄ ዘጠና ስድስት በጎች ካሉት መንጋ ሲሶውን ነብር ቢበላው ስንት ይቀራል የሚል ነበር። የሊቀመንበሩ ልጅ ጣሪያውን እያየ ማሰብ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ግን በጥያቄው አልተስማሙም።

"ምን ዓይነት ነብር ነው ይህን ሁሉ የሚበላ?"

"በአንድ ቀን አይደለም ይሆናል።"

"ታዲያ እረኛው ምን ይሠራል?"

"ጥበቃ ላላ ማለት ነው" አሉ ጓድ ሊቀመንበሩ፣ ንፍሮ እያኘኩ።

"ስድሳ አራት" አለ ልጁ። ትክክል። አባትየው ብድግ ብለው፣ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ስለገባቸው፣ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት። አንድ ለአንድ ሆንን።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቁት አቶ ደምሴ ራሳቸው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ስላዘጋጀው መሥሪያ ቤቱ ይጠይቅ ብለው ነው፤ ወላጆችንም ማማከር ይቻላል አሉ። "ከእኔ ቢሮ እስከ አንኮበር ስልክ ቤት ስንት የስልክ እንጨት ቆሟል?"

የደብረ ብርሃን ልጆች ከስልክ ሹሙ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ቢገምቱ እንኳ ከእኛ ይልቅ ይቀርባሉ። እነሱም አንድ ድፍን ቁጥር ጠሩ። የእኛ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማን ነው እንጨት የሚቆጥር?

አስካለ ግን ወደ እናቷ ነበር የምታየው። "እማዬ፣ ንገሪያቸው።"

አክስቴ ከወገቧ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ጫፉ ከዳር እስከ ዳር ቋጠሮ በቋጠሮ ነበር። ያንን ቋጠሮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሴት ገንዘቧን የምትቋጥርበት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

"አሰፋን ደብረ ብርሃን ድረስ ሸኝቼው ስመለስ" አለች፣ ማንንም ሳታይ፣ "ብቻዬን ነበርኩ። መንገድ ላይ ሳለቅስ ሰው እንዳያየኝ እንጨቱን እየቆጠርኩ መጣሁ። ሃያ ሲሞላ አንድ እቋጥር ነበር።"

ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። መምህር ታደለ በነጩ አፈር ወለሉ ላይ ይጽፋሉ። ማንም ንፍሮ አያኝክም። መጨረሻ ላይ ለቋጠሮ ያልሞሉትን ጨመረችና ቁጥሩን ተናገረች። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። እኔ ወደ ሽቦው ጮህኩት።

ከዚያ ማዶ መዝገብ ሲገለጥ ተሰማኝ። "በአንድ ጎደለ" አሉ አቶ ደምሴ። "የእኛ መዝገብ በአንድ ይበልጣል።"

ነገርኳት። አክስቴ ስልኩን እንዳትነካው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ እኔ እጀታውን ዘረጋሁላት። ተራራ ላይ ሆኖ ገደል ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ አድርጋ ጮኸች። "አልጎደለም፣ ጌታዬ። የጎርፍ መውረጃውን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ ሽቦው የታሰረው ከጥድ ላይ ነው። ከቁም ዛፍ ላይ። ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል። እንጨት ብለው ነው የጠየቁት፣ ዛፍ አልቆጠርኩም።"

ከማዶ አቶ ደምሴ መዝገቡን ሲዘጉ ሰማሁ። "አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "በየክረምቱ መስመሩ ለምን እንደሚጠፋ ስንት ዓመት እንደፈለግን ታውቂያለሽ?"

አንኮበር አሸነፈ። እልልታው የጋሽ ሙሄን በቅሎዎች አስበርግጎበት ግማሽ ቀን ሲፈልጋቸው ዋለ። ቄሱ መጽሐፋቸውን ይዘው ከሚመለሱ ብለው ለተገኙት ሁሉ ቡራኬ ሰጡ። የእድሩ ሰዎች ለሌለ ሟች የወጣውን ንፍሮ እንዴት እንደሚመዘግቡት ሲከራከሩ ቆይተው በመጨረሻ ተዉት። እኔም ማታ አልተገረፍኩም፤ እታለም ደክሟት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከደብረ ብርሃን የጠመኔ ካርቶን፣ ደብተርና ካርታ መጣ። አንኮበር ያለባት ካርታ። መምህር ታደለ አይጥ እንዳትደርስበት ከጣሪያው ላይ አንጠለጠሉት፤ ልጆቹ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው ነበር የሚማሩት። ከጥዱ አጠገብ ደህና እንጨት ተተከለ፤ ክረምቱን ሙሉ መስመሩ አልተቆረጠም። ጋሽ ሙሄ ከመጫኑ በፊት የደብረ ብርሃንን የበርበሬ ገበያ ደውሎ መጠየቅ ጀመረ። የቄሱ ሚስት እህታቸውን በሰላም ለመጠየቅ ደወሉ፤ እህትየው እዚያ አልቅሰው እንደጨረሱ ነው የተነጋገሩት፤ ግን ተነጋገሩ። ፋሲካ አለፈ፣ ስለ መዝጋት ያነሳ ሰው የለም። የመዘዞው ባለ በግም ሌላ አገባ፤ ደህና ሴት ናት ይላሉ።

ሬዲዮ ላይ ለተከራከሩት ሰዎች የምለው ይኸው ነው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠን ሥራ ፈት የነበረ ሽቦ፣ ለአንድ ጠዋት ነው። ያገኘው ከተማ ነው፤ መስመሩ የት እንደታመመ የሚነግረው ሰውም ጭምር። ልጆቹ ደግሞ አገራቸው ያለበትን ካርታ አገኙ። አሁን በእንግሊዝኛ የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ከሆነ የሚያውቅ ያስረዳኝ። ብቻ ጥሪውን በምን ወረቀት እንደሚልኩ አስቀድመው ያስቡበት።

ለአሸናፊ ወላጆች አቶ ደምሴ ወደፈለጉበት አንድ ጊዜ በነፃ እንዲደውሉ ፈቅደው ነበር። አክስቴ አልደውልም አለች። ግን የአሰፋን የመጨረሻ ፖስታ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ላኪው ያለበትን የጦር ክፍል ከጀርባው አነበብኩና ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ ከስልከኛ ወደ ስልከኛ፣ አንድ ቃል አስተላለፍኩ፦ እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንኮበር ስልክ ቤት ትቀመጣለች።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው በስልክ ቤቱ በኩል መጣች። ደጄን ትጠርጋለች፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ሰው ሲደወልለት "ግባ፣ ደህና ነገር ነው" ትለዋለች። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እኔ ውጭ ልብስ ሳሰጣ ስልኩ ጮኸ። ሮጬ ስደርስ እንዝርቷን አስቀምጣ ራሷ አንስታዋለች። ጥቂት አዳመጠች።

"በልተሃል?" አለችው።

ሲጨርሱ እጀታውን ቦታው ላይ መለሰች። ወጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠችና መቀነቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቋጠሮዎቹን መፍታት ጀመረች።